ቀይ ላስቲክ የነበረበት ጠርሙስ

«አልሞላም እንዴ?» አለ ወንድሜነህ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ሆኖ።

«ሞልቷል። ጥጡ እስኪጠጣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ።»

«አሥር ደቂቃ? ደንበኛ እየጠበቀኝ እኮ ነው።»

«ቶሎ ከሳብከው ጥጡ ይቃጠላል። ከዚያ እንደ ባለፈው ጎማ ጎማ አለኝ ትላለህ።»

ከበሩ ውጭ ሳቅ ተሰማ። «እሺ፣ ኢንጂነር» አለ።

የዓለምዘርፍ፣ ቤት ውስጥ ዘርፌ የምትባለው፣ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የወረቀት ፎጣ አንጥፋ የአጎቷን ቬፕ፣ በባትሪ የሚሠራውን ሲጋራ፣ በየክፍሉ ደርድራዋለች። ባትሪው አለ፤ ከንፈር የሚያርፍበት ጫፍ አለ፤ ፈሳሹ የሚገባባት፣ ካርትሪጅ የሚሏት፣ ውስጧ ጥጥ ያለባት፣ አውራ ጣት የምታህል ብርጭቆ አለች። ባትሪውና ካርትሪጁ የሚገናኙበትን ቦታ አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጠረገችው። ጥጡ ጠቁሮ ወጣ። ሌላ ወሰደች። ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ደስ አላት።

ወንድሜነህ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ታክሲ ይነዳል። ሲመጣ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨስ ነበር። እናቷ ጌጤነሽ ንስሐ አባታቸው አባ ወልደአምላክ ዘንድ ወስዳ አቆመችው፤ እሱም ሁለተኛ ጭስ ከአፉ እንደማይወጣ ቃል ገባ። ሲጋራውን እውነትም ተወ። ቬፑን የጀመረው በሳምንቱ ነው። ይህን እናቷ አታውቅም፤ ቤቱ ሲሸት ማስቲካ ነው ይላል። ለማኅበሯ ሴቶች «ወንድሜ በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ተወ» እያለች ታወራለች፤ ስታወራ ፊቷ ያበራል።

ዘርፌ ሥራው ውስጥ የገባችው ተልካ ነው። «ዘርፌ፣ እስቲ መብራት ያዢልኝ» አለ አንድ ቀን። ያዘችለት። ቀጥሎ «ክዳኗን ክፈቺልኝ» አለ። ከፈተችለት። ትልቅ ሰው ሲልክ ለምን አይባልም፤ ውኃም ቢሆን ጫማም ቢሆን ይቀርባል። የወንድሜነህ ጣቶች ወፍራም ናቸው፤ ሲሞላ ግማሹን ሱሪው ላይ ያፈሰዋል። የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም። ወር ሳይሞላ ሥራው የእሷ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ወደደችው። በደንብ የሚሠራ ነገር ትወዳለች።

በሩን ከፍታ አስገባችው።

«ትርፍ ባትሪውስ?» አለችው።

ወንድሜነህ ከኪሱ አወጣው። ከባትሪው ጋር ሁለት ሳንቲምና የቤት ቁልፍ አብረው ወጡ።

«ወንዴ። ስንት ጊዜ ነው የምነግርህ? ብረት ከነካው ይግላል፣ ከዚያ ኪስህ ውስጥ ይፈነዳል። ሣጥኑን ለምን ሰጠሁህ?»

«ረሳሁት በቃ። ሌላም ችግር አለ።» ከጃኬቱ ኪስ የፈሳሹን ትልቅ ጠርሙስ አወጣ። አንገቱ ተሰንጥቆ ጎኑ በፈሳሽ ርሷል። «መኪና ውስጥ ፀሐይ መታው። እየፈሰሰ ነው።»

ከጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ ይላል። ከሕፃናት ይራቅም ይላል፤ እሱን ዓይኗ አልፎት ሄደ። ወጥ ቤት ከተንጠለጠለው ፌስታል ውስጥ እናቷ ለጠበል የምታጠራቅማቸውን ትናንሽ ባዶ ጠርሙሶች አገኘች። አንዱን አጠበች፣ አደረቀች፣ ፈሳሹን ጠብታ ሳታፈስ ገለበጠችው። ውኃ ይመስላል። እንዳይሳሳቱበት ብላ አንገቱ ላይ ቀይ ላስቲክ ጠመጠመችና ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ፣ ከማዮኔዙ በስተጀርባ አስቀመጠችው።

«ቀይ ላስቲክ ያለበት ያንተ ነው። እሺ?»

«እሺ» አለ ወንድሜነህ። ቬፑን ኪሱ ከተተና ግንባሯን ሳማት። «ቅዳሜ እናትሽን አሌክሳንድርያ ሥራዋ ካደረስን በኋላ መንዳት አስተምርሻለሁ። ቃሌ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጌጤነሽ ከሌሊት ሺፍት ስትገባ ልጆቹ ገና እየለባበሱ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድርያ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ጉንፋን ይዟታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫዋ አልተከፈተም። ያፌትም፣ የዘርፌ የስድስት ዓመት ወንድም፣ ሌሊቱን ሲያስል ነው ያደረው።

«ና የኔ ጌታ፣ ሳትቀምስ» ስትለው ዘርፌ ከመኝታ ቤት ሆና ሰማች። የጠበል ነገር እንዲህ ነው፤ በባዶ ሆድ ሦስት ጊዜ ፉት ይባላል፣ የተረፈው ግንባር ይቀባበታል። ዘርፌ ካልሲዋን እያደረገች ወደ ወጥ ቤት ወጣች።

መጀመሪያ ያየችው የእናቷን እጅ ነው። ጌጤነሽ ላስቲክ አትጥልም። የሽንኩርትም ይሁን የፖስታ፣ ያገኘችውን ላስቲክ ሁሉ እጇ ላይ ትከታለች፤ አንድ ቀን ይፈለጋል። አሁን አንጓዋ ላይ አንድ ቀይ ላስቲክ አለ።

«የወንዴ ማስቲካ ይሸታል» አለ ያፌት። ትንሿን የፕላስቲክ ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ ፈገግ ብሏል።

ዘርፌ እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። ኩባያው ግድግዳ መታ። ፈሳሹ ያፌት ሸሚዝና ወለሉ ላይ ተረጨ።

«በስመ አብ» አለች ጌጤነሽ። «ጠበል? ጠበል መሬት ላይ?»

«ጠበል አይደለም። ቀምሰሃል? ያፌት፣ እየኝ፣ ቀምሰሃል?»

«ኖ» አለ ያፌት የተመታ እጁን ይዞ። «አልቀመስኩም። ለምን መታሽኝ?»

ሸሚዙን ገፍፋ አወለቀችው። እጁን፣ አገጩን፣ ደረቱን በሳሙና አጠበችው። ከትምህርት ቤቱ የመጣና ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ የመርዝ መረጃ መስመር ቁጥር አለ፤ ደወለች። ሴትዮዋ ረጋ ብላ ጠየቀቻት፤ ዘርፌ ረጋ ብላ መለሰች። ስንት ኪሎ ነው፣ ውጧል ወይ፣ ያስታውከዋል ወይ፣ በዋናው ጠርሙስ ላይ የኒኮቲኑ መጠን ስንት ይል ነበር። ካልዋጠ ቆዳውን በደንብ ማጠብና መከታተል ይበቃል ተባለች። ስልኩን ስትዘጋ ኩባያውን ከወለሉ አንሥታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው።

ወንድሜነህ ነቅቶ ሶፋው አጠገብ በካናቴራ ቆሟል። ብርድ ልብሱን እንደያዘ ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች ጌጤነሽ ጠርሙሱን አንሥታ።

«የቬፕ ፈሳሽ ነው፣ እማ። ኒኮቲን አለበት።»

«የማነው?»

ዘርፌ አጎቷን አየችው። ወንድሜነህ ምንጣፉን አየ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ዘርፌ ጠበቀች።

«እንግዲህ በዚህ አገር ልጆች...» አለ፤ «ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ነው አሉ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። ጌጤነሽ ባለፈው ወር በወላጆች ስብሰባ ላይ ተማሪዎች ሽንት ቤት ተደብቀው ቬፕ እንደሚስቡ ሰምታ መጥታ፣ እራት ላይ ሁለት ጊዜ ደጋግማ አውርታው ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት ዘርፌን፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጠርሙሱ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።»

«ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ዘርፌ ዓይኗን ከአጎቷ ላይ አልነሣችም። የፈራችው እናቷን አልነበረም። እሱ ራሱ እስኪናገር እየጠበቀችው ነበር፤ አሁን ይናገራል፣ አሁን፣ አሁን። ወንድሜነህ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

ጌጤነሽ እጇን ዘረጋችና ስልኳን ተቀበለቻት። ጠርሙሱን በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደአምላክ ፊት ይዤሽ እቀርባለሁ። ይኼንንም ይዤ ነው። አጎትሽ እንደቆመው ትቆሚያለሽ፣ እሱ እንዳለው ትያለሽ። እስከዚያ ስልክ የለም። መኪና መንዳትም የለም።» ከዚያ ወደ ያፌት ዞረች። «ልጄን በእጄ መርዝ ላጠጣው ነበር» አለችና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ያፌት ያለ ሸሚዝ ቆሞ «እኔ'ኮ ነግሬያችኋለሁ» አለ። «የወንዴ ማስቲካ ነው የሚሸተው።»

ማንም አልሰማውም። እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ያፌትን ፎቅ ላይ ካለችው ጎረቤታቸው ከሂክማ ጋር ትተው ጌጤነሽን ሥራ ቦታዋ አደረሷት። ዘርፌን ቤት ብቻዋን ልትተዋት አልፈለገችም። ከመኪናው ስትወርድ ለወንድሟ «አደራ፣ ምከራት» አለችው። ወንድሜነህ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ቤት የሚመልሰውን የወንዙን ድልድይ አልተሻገረም። ጥቂት መንገዶች ነድቶ ሥራ ያቆመ አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ያለ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ገባና ሞተሩን አጠፋ። ነጫጮቹ መስመሮች ደብዝዘዋል፤ በየስንጥቁ ሣር በቅሏል።

«ውጪና ወደዚህ ዙሪ» አለ ቁልፉን እያቀበላት። «አንቺ ንጂ።»

«እማ መንዳት የለም ብላለች።»

«የት ታየናለች?»

ዘርፌ ቀበቶዋን አልፈታችም። ቁልፉንም አልተቀበለችም። ወንድሜነህ ቁልፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው።

«ስሚ፣ ዘርፌ። የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። አባ ይመክሩሻል፣ መስቀል ያሳልሙሻል፣ አለቀ። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ልጅ ያጠፋል፣ ይቆጡታል፣ በወሩ ይረሳል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እዚያው ቦታ ቆሜ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃል የገባኸው አንተ፣ የምቆመው እኔ?»

«እኔ እኮ ያንቺ ነው አላልኩም።»

«የኔ ነውም አላልክም።»

ወንድሜነህ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ከትናንት ጀምሮ አልሳብኩም» አለ። «ጠዋት ደንበኛ ላይ ጮህኩበት፤ ሰውየው ምንም አላደረገኝም።» ከኪሱ ባዶዋን ካርትሪጅ አወጣ፤ ከበሩ ኪስ ደግሞ አዲስ ጠርሙስ። «ሌላውን በኋላ እናወራለን። በናትሽ፣ ይቺን ብቻ ሙይልኝ።»

ዘርፌ መጀመሪያ ያልሰማች መሰላት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ። ካርትሪጇን አየቻት። ብርጭቆዋ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቡናማ ቅሪት ይዛለች፤ ቢበዛ በአምስት ደቂቃ ታጸዳዋለች። እጇ ሊዘረጋ አለ፤ ለወራት የለመደው ነገር ነው። ሁለቱንም እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

«ራስህ ሙላ።»

«እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«እኔም ስጀምር አልችልም ነበር።»

«ተቆጥተሻል፣ ይገባኛል...»

«አልተቆጣሁም። እምቢ ነው ያልኩት።»

እንዲህ ለትልቅ ሰው ተናግራ አታውቅም። ወንድሜነህ ሐሳቧን እንደማትለውጥ ሲያውቅ ክዳኗን ራሱ ፈታ። ጠርሙሱን መሐለኛው ቀዳዳ ላይ አዘነበለው። ስሕተት ነው፤ በጎን ነው የሚሞላው። ዘርፌ ምላሷን ነከሰች። ፈሳሹ ሞልቶ ጣቱ ላይ ፈሰሰ፣ ከጣቱ ወደ ሱሪው።

«አየሽ?» አለ።

«እጅህን ታጠብ። በቆዳም ይገባል።» የውኃ ኮዳዋን አቀበለችው። «ያፌት አገጭ ላይም እንዲሁ ነበር የፈሰሰው።»

ወንድሜነህ በሩን ከፍቶ አስፋልቱ ላይ ታጠበ። ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ሲመለስ ካርትሪጇን አልነካትም።

«ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ።

«ጠርሙሱ የኔ ጥፋት ነው። ያንን አባም ፊት እማም ፊት እናገራለሁ፤ ማንም ሳያስገድደኝ እናገራለሁ። አጨሳለሁ ግን አልልም። አንተ የገባኸውን ቃልም አልገባም። እሱ ያንተ ነው።»

«ትናገሪብኛለሽ ማለት ነው።»

«እስከ ነገ ጊዜ አለህ ማለት ነው።»

ወንድሜነህ ሞተሩን አስነሣ። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳ። በመካከላቸው ባለው የኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ ትርፉ ባትሪ ከሳንቲሞች ጋር እየተጋጨ ይንኳኳ ነበር። መብራት ሲይዛቸው ወንድሜነህ አየው። አነሣውና ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ዘርፌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች።

እሁድ ጠዋት ጌጤነሽ መኝታ ቤት ነጠላዎች ትተኩሳለች። ያፌት ጫማውን አዛብቶ አድርጎ ሳሎን ይዞራል። በከረጢት የታሸገው ጠርሙስ ከፍሪጁ አናት ወርዶ፣ የመኪና ቁልፍ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናቷ እንዳትረሳው ነው እዚያ ያደረገችው።

ወንድሜነህ መታጠቢያ ቤት ጢሙን ይላጫል። ዘርፌ የውኃውን ድምፅ እየሰማች ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ጠረጴዛው ዘንድ ሄደች። ከያፌት ቦርሳ የወሰደችው የደብተር ላይ ስም መጻፊያ ተለጣፊ ወረቀት አላት። ከአርብ ጀምሮ ስታስበው ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ቀይ ላስቲክ ከመጠምጠም ይልቅ ማድረግ የነበረባት ይህን ነው። ጠርሙሱን ከከረጢቱ አወጣችና ፊደሎቿን እያስተካከለች ጻፈች።

መርዝ ነው። አይጠጣም።
ውስጡ ያለው፦ የቬፕ ፈሳሽ
የቀዳችው፦ የዓለምዘርፍ
የቀዳችለት፦

ከመጨረሻው ቃል ፊት ባዶ መስመር አሰመረች። ለጠፈችው፤ ጠርዞቹን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ጠርሙሱን ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲሆን አዙራ አቆመችውና እስክሪብቶውን አጠገቡ አኖረች።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ወንድሜነህ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ወጣ። አገጩ ላይ ትንሽ ተቆርጧል። ጠረጴዛውን አየ፣ እሷን አየ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«አንብበው» አለችና አልፋው መታጠቢያ ቤት ገባች።

በሩን ዘጋች። ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ በየሳምንቱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። የእጅ ሰዓቷን አየች። አሥር ደቂቃ። አንድ ጥጥ ፈሳሹን ጠጥቶ እስኪጨርስ የሚበቃው ያ ነው፤ ለአንድ ሰውም ይበቃዋል። ሲያልቅ ትወጣለች። መስመሩ ባዶ ከሆነ ራሷ ትሞላዋለች፣ ሙሉ ስሙን፣ በእናቷ ፊት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን፣ የእናቷን ዕንባም ቢሆን፣ ቆማ ታየዋለች።

«ወንዴ፣ ዘርፌ፣ ረፈደ እኮ» የሚል የጌጤነሽ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

«መጣሁ፣ እማ» አለች ዘርፌ።

ከወጥ ቤቱ ምንም አልተሰማም። የእግር ኮቴም፣ የወንበር ድምፅም የለም። ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ ነው ማለት ነው። ጆሮዋን በሩ ላይ አልለጠፈችም። ከቦርሳዋ ሁለተኛውን እስክሪብቶ አወጣች፣ ክዳኑን ነቀለች፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ሰባት ደቂቃ ይቀራል።